ቦግ እልም የሚለው አውሮራ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሰሜን ብርሃን (አውሮራ) ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው በሰማዩ ላይ የሚውለበለበውን ደማቅ አረንጓዴ ነው። ከእሱ በኋላ ግን ሌላ ዓይነት አውሮራ ይመጣል። ፈዘዝ ያለ ነው፤ በቁርጥራጭ ይበታተናል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በየጥቂት ሰከንዱ ቦግ እልም ይላል። ሳይንቲስቶች ፐልሴቲንግ አውሮራ ይሉታል። እኔ ከደማቁ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ቦግ እልም የማለት ምቱ በአሥር ሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በህዋ ውስጥ የሚሆነውን ነገር በቀጥታ ያሳየናል። የሚያሳዝነው፣ አብዛኛው ሰው ሳያየው ወይም በተሳሳተ መንገድ ተረድቶት ያልፋል።

የመጀመሪያው ስህተት ቶሎ ወደ ቤት መግባት ነው። ደማቁ ብርሃን ሲከስም ሰው ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። ይኼኛው ግን የሚጎላው ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ደማቁን ያመጣው የምድር መግኔታዊ መስክ ረብሻ እየበረደ ሲሄድ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ማለት ነው። አንዴ ከጀመረ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። ካናዳ ኤድመንተን አካባቢ ያላችሁ ወገኖች ከከተማው መብራት ራቅ ብላችሁ፣ ስልካችሁን አጥፍታችሁ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ያህል ታገሡ።

ደመና ነው ብሎ ማለፍም የተለመደ ነው። ዓይናችን በደካማ ብርሃን ቀለም ስለማይለይ ቁራጮቹ ግራጫ መስለው ይታያሉ። መለያው ቀላል ነው። አንድ ቁራጭ ይምረጡና አጠገቡ ያሉትን ኮከቦች ምልክት አድርገው ጠርዙን ብቻ ይመልከቱ። ደመና ኮከብ ይሸፍናል፤ አውሮራ ግን ኮከቡን ያሳልፋል። ቁራጩ ይፈካል፣ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል፣ ከዚያ ጭራሽ ያልነበረ ያህል ይጠፋል። ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ እዚያው ቦታ ላይ፣ ያንኑ ቅርጽ ይዞ፣ ያችው የጠርዙ ጉብታ ሳትቀር ተመልሶ ይበራል። ይህን አንዴ ያየ ሰው ከደመና ጋር አያምታታውም።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ የፎቶው ነገር ነው። የካሜራውን መዝጊያ 15 ሰከንድ ከፍቶ የሚያነሳ ሰው የሚያገኘው የተለቀለቀ አረንጓዴ ብቻ ነው። ምቱ በአብዛኛው ከ2 እስከ 20 ሰከንድ ስለሚወስድ፣ በአንድ ፎቶ ውስጥ መብራቱም መጥፋቱም ተደባልቀው ይቀራሉ። ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ካልሆነም ከአንድ ሰከንድ ያልበለጡ ተከታታይ ፎቶዎች ያንሱ። ለተመራማሪም ያው ችግር አለ። በየ3 ሰከንዱ አንድ ምስል የሚያነሳ ካሜራ ከ6 ሰከንድ ያጠረ ምትን በትክክል ሊለካ አይችልም። በዚያ ላይ የሞገድ ርዝመቱ 557.7 ናኖሜትር የሆነውን አረንጓዴ የሚያወጣው ኦክስጅን ከተነቃቃ በኋላ ብርሃኑን ለመልቀቅ በአማካይ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ በምቱ ውስጥ ያለው፣ በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል የሚመላለሰው ፈጣን ንዝረት በአረንጓዴው ይደበዝዛል። እሱን የሚፈልጉ ሰዎች ወዲያውኑ የሚፈነጥቀውን 427.8 ናኖሜትር የናይትሮጅን ሰማያዊ ብርሃን ይከታተላሉ።

አንዳንዱ ደግሞ ፀሐይ ራሷ ብልጭ ድርግም የምትል ይመስለዋል፤ ሌላው እንደ ኮከብ ጥቅሻ የአየር መናወጥ ነው ይላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። የፀሐይ ንፋስ፣ ማለትም ከፀሐይ የሚወጣው የቅንጣቶች ጅረት፣ ምድር ለመድረስ ቀናት ይፈጅበታል፤ ኃይሉን ያመጣል እንጂ የሰከንዶቹን ምት አይወስንም። ምቱን የሚወስነው በምድር መግኔታዊ መስክ ውስጥ፣ ከምድር ወገብ በላይ በሩቁ ህዋ የሚፈጠር ኮረስ የሚባል ሞገድ ነው። ወደ ድምፅ ሲቀየር የንጋት ወፎችን ጫጫታ ይመስላል። እዚያ ያሉት ኤሌክትሮኖች በመስኩ መስመር ላይ በሰሜንና በደቡብ መካከል ይመላለሳሉ፤ አብዛኞቹ ከባቢ አየሩን ሳይነኩ ይመለሳሉ። ኮረሱ ሲበረታ የተወሰኑትን አቅጣጫ ያስቀይራቸውና ከመስመሩ ጋር ተስተካክለው ቁልቁል ይወርዳሉ። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩን ሲመቱ ቁራጩ ይበራል። ኮረሱ ጋብ ሲል ይጠፋል። ይህ ለረጅም ጊዜ የተገመተ ነገር ነበር። በታኅሣሥ 2016 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው የጃፓን ሳተላይት አራሴ በመጋቢት 2017 ሞገዱንና የሚወርዱትን ኤሌክትሮኖች አንድ ላይ ለካች፤ በዚያው ቅጽበት ካናዳ ውስጥ ያለ ካሜራ ብርሃኑን ይቀርጽ ነበር። ውጤቱ በ2018 ታተመ። ፈጣኑ ንዝረት የመጣው ከእያንዳንዱ አጭር የኮረስ ጩኸት ሲሆን ዋናው ምት ደግሞ ጩኸቶቹ በቡድን ከመምጣታቸው ነው። ቡድኖቹ ለምን በሰከንዶች ልዩነት እንደሚመጡ ግን ተመራማሪዎች ገና አልተስማሙም።

ምቱን እንደ ሰዓት መቁጠርም አያዋጣም። የመብራቱም የመጥፋቱም ርዝመት ይለዋወጣል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁራጮች እንኳ በየራሳቸው ምት ይሄዳሉ። ስለዚህ አማካይ ከማውጣት ይልቅ የበራበትንና የጠፋበትን ጊዜ ለየብቻ መመዝገብ ይሻላል።

በደማቁ አውሮራ ውስጥ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል የሚርገበገበው ብርሃንም ሌላ ነገር ነው። ያ የሚመነጨው ለምድር በጣም ቀርቦ፣ ከሌላ ዓይነት ሞገድ ነው።

በመጨረሻ፣ ፈዛዛ ስለሆነ ደካማ ነው ማለት ትልቅ ስህተት ነው። እነዚህ ኤሌክትሮኖች ብዙ ጊዜ ደማቁን ከሚፈጥሩት የበለጠ ጉልበት ስላላቸው ጠልቀው ይወርዳሉ። በኅዳር 2012 እ.ኤ.አ. ሰሜን ኖርዌይ ትሮምሶ ያለው ራዳር ውጤታቸው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ መውረዱን አሳይቷል። እዚያ የናይትሮጅንና የሃይድሮጅን ኦክሳይዶች ይፈጠራሉ፤ እነሱም በዚያ ከፍታ ያለውን ኦዞን ያመናምናሉ። ይህን ሰምቶ መደንገጥ ግን አያስፈልግም፤ ከፀሐይ ጨረር የሚጠብቀን ዋናው የኦዞን ንጣፍ ያለው ከዚያ እጅግ ዝቅ ብሎ ነው።