ቀብዱ ገቢ አይደለም፦ የኢንቮይስ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ደሴ ላይ የነጋዴ ሂሳብ ስይዝ የሚመጣልኝ አቤቱታ ብዙውን ጊዜ «ፒችትሪው (የሂሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራሙ) ተበላሸ» በሚል ይጀምራል። ሲከፈት ፕሮግራሙ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። የተነገረውን ቀንና የሂሳብ መደብ ይዞ ቁጭ ብሏል።

«ደንበኛው ከፍሏል፣ አሁንም ባለዕዳ ይለዋል»

የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ነጋዴ በዱቤ 40,000 ብር ሸጠ እንበል፤ ከ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር 46,000። ገንዘቡ ገባ፣ ተመዘገበም። ዕዳው ግን ከተሰብሳቢ ዝርዝር አልወጣም፤ የወሩ ገቢም 86,000 ሆኗል።

ይህች 86,000 ምስጢሩን ታወጣዋለች። የገንዘብ መቀበያው መስኮት ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ክፍያውን ከኢንቮይስ ጋር ያወራርዳል፣ ሌላው በቀጥታ ወደ ገቢ ይወስዳል። ጸሐፊዋ በሁለተኛው ስለመዘገበች ታክሱም ጭምር ገቢ ሆነ። ያንን መስመር ሰርዙና በመጀመሪያው ገጽ ኢንቮይሱ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ቀሪ ከታየ ገዢው ቅድመ ግብር (በሻጩ ስም ለመንግሥት የሚያስገባውን ግብር) ቀንሶ ከፍሎ ይሆናል። የቀነሰበትን ደረሰኝ ተቀብላችሁ በተሰብሳቢ ቅድመ ግብር መዝግቡት እንጂ ቅናሽ አታድርጉት።

«ጥቅምት ሞልቶ ታኅሣሥ ባዶ ሆነ»

ይህ የላሊበላ ሆቴሎች በሽታ ነው። ለገና የሚመጣው እንግዳ ቀብዱን በጥቅምት ይልካል፤ ሒሳብ ሹሙም ደስ ብሎት ገቢ ይለዋል። ታኅሣሥ ላይ አልጋው ሁሉ ተይዞ፣ ወጥ ቤቱ እየጨሰ፣ መዝገቡ ኪሳራ ያሳያል። ባለቤቱ ገንዘብ ተሰረቀ ብሎ ሠራተኛ መጠርጠር የሚጀምረውም ያኔ ነው።

ቀብድ እስኪሠራበት ድረስ ዕዳ ነው፤ እንግዳው ቢቀር ሊመለስ ይችላላ! ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 15ም (ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል) የሚለው ይህንኑ ነው፦ ገቢ የሚመዘገበው አገልግሎቱ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ በዕዳ መደብ ሥር «ያልተሠራበት ገቢ» የሚል ሂሳብ ክፈቱና ቀብዱን እዚያ አስገቡ። ከታኅሣሥ 28 ጀምሮ ለአምስት ሌሊት፣ ከታክስ በፊት 100,000 ብር የተከፈለ ከሆነ፣ ሦስቱ ሌሊቶች የታኅሣሥ ናቸው፤ 60,000 ወደ ታኅሣሥ ገቢ፣ 40,000 ወደ ጥር ይዛወራል። የታክሱ ጊዜ በራሱ ሕግ ስለሚሄድ ከዚህ ጋር አታቀላቅሉት።

«የሰኔ ሽያጭ ጎደለ»

የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ያልቃል፤ በፈረንጅ ጁላይ 7 ነው። የድርጅቱ ፋይል በፒችትሪው መጀመሪያ ሲከፈት ዓመቱ ጁን 30 እንዲዘጋ ከተደረገ፣ ከሰኔ 24 እስከ 30 የተሸጠው ሁሉ ወደ አዲሱ ዓመት ይሾልካል። ፋይሉን ስትከፍቱ ከፈረንጅ ወር ጋር የማይገጥም የሂሳብ ወቅት የሚለውን ምረጡ፤ ሐምሌን ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ስጡት፤ ሌሎቹንም እንዲሁ። ጳጉሜን እኔ ከነሐሴ ጋር አያይዛታለሁ። ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል የአምናውን ቀኖች ገልብጣችሁ እንዳትለጥፉ።