ደንበኛን ከሞባይል ክፍያ ጋር ማለማመድ

ሰው አዲስ ቴክኖሎጂ የሚቀበለው ይጠቅመኛል፣ አይከብደኝም ብሎ ሲያምን እንደሆነ የቴክኖሎጂ አጠቃቀም ተመራማሪው ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ጽፏል። ገንዘብ ሲሆን ግን አመኔታ ይቀድማል።

ስለዚህ በትንሽ ብር ጀምሩ። ስልኩን ከደንበኛው እጅ አትውሰዱ፤ ቁጥሩን ራሱ ያስገባ፣ የተቀባዩን ስም ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ከዚያ የሚስጥር ቁጥሩን ይጫን። እናንተ ፊታችሁን አዙሩ።

ብዙ ሰው የሚሸሸው ኔትወርክ ሲቋረጥ ነው። የማረጋገጫ መልእክቱ ሲዘገይበት ገንዘቤ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል፣ ደግሞ ይልካል፣ ሁለቴ ይከፍላል። ድጋሚ ከመላኩ በፊት ቀሪ ሂሳቡንና የላካቸውን ዝርዝር እንዲያይ አስቀድማችሁ አሳዩት። የአገልግሎት ክፍያውንም ሳይጠይቅ ንገሩት፤ ያልጠበቀው ተቀናሽ እጅግ ያስኮርፋል።

ደንበኛው ዘወትር ዕቃ የሚገዛባቸው ሱቆች ክፍያ በሞባይል የማይቀበሉ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው፤ መጀመሪያ እነሱን አስመዝግቡ።