ዴልታ ዳር ካምፒንግ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

የሳክራሜንቶና የሳን ዋኪን ወንዞች ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ከመድረሳቸው በፊት ተገናኝተው በብዙ ቦይ የሚበታተኑበት ሰፊ አገር አለ። ካሊፎርኒያ ያለ ሰው ባጭሩ ዴልታ ይለዋል። ከኦክላንድም ከሳክራሜንቶም ሩቅ አይደለም። ታሆ ሐይቅ ቦታ ሲጠፋ ወይም ዋጋው ሲሰቀል፣ ሰው ድንኳኑን ጭኖ ወይም አርቪ (መኝታና ማብሰያ ያለው መኪና) ተከራይቶ ወደዚያ ይወርዳል። ጥሩ ያደርጋል።

ችግሩ ብዙው ሰው ሐይቅ ዳር የሚሄድ መስሎት ነው የሚሄደው። ዴልታ ሐይቅ አይደለም። ደሴት የሚባሉት ዙሪያቸውን በአፈር ግድብ የታጠሩ እርሻዎች ናቸው፤ ግድቡን ሌቪ ይሉታል። አፈሩ አተላ የመሰለ የበሰበሰ ሣር ስለሆነ በታረሰ ቁጥር እየተነነ እየሰመጠ ሄዶ፣ አንዳንዱ ደሴት መሃሉ ከባሕር ወለል በታች ከ6 ሜትር በላይ ወርዷል። ስለዚህ ውሃው ከላይ፣ መሬቱ ከታች። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ካለማወቅ ነው።

"የውሃ ዳር" የሚለውን ቃል አምኖ ቦታ መያዝ

ድረ ገጹ ላይ "ውሃ ዳር" ተብሎ ገንዘብ ከፍላችሁ ስትደርሱ ፊታችሁ የሣር ግድግዳ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወንዙ ከግድቡ ማዶ ነው፤ እናንተ ከግድቡ ሥር ናችሁ። ስትደውሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ቦታው ከሌቪው በውሃው በኩል ነው ወይስ በእርሻው በኩል? ይቺ ጥያቄ ከፎቶ ትበልጣለች። ፎቶ የሚነሳው ሁልጊዜ ግድቡ ላይ ተቁሞ ነው።

የስቴት ፓርክ ከፈለጋችሁ ከሪዮ ቪስታ በስተደቡብ፣ በ160 መንገድ ላይ ብራናን አይላንድ አለ። ሪዮ ቪስታ ከተማ ዳር ደግሞ የሶላኖ ካውንቲ ሳንዲ ቢች ፓርክ አለ። አይልተንና ቤተል አይላንድ አካባቢ የግል አርቪ ፓርኮችና ማሪናዎች (የጀልባ ማቆሚያዎች) ሞልተዋል። የስቴት ፓርኮቹ ቦታ ማስያዝ የሚቻለው ከ6 ወር በፊት ጀምሮ ስለሆነ የሐምሌን ቅዳሜና እሁድ ሰኔ መጨረሻ ላይ መፈለግ ድካም ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ግን ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ደስ ያለን ቦታ ላይ አቁመን እንደር የምትሉም አላችሁ። አይሆንም። መሬቱ በአብዛኛው የግል ነው፤ ግድቡም ቢሆን ባለቤትና ጠባቂ አለው። ማታ በር አንኳኩተው ያስነሷችኋል።

ነፋሱን መናቅ

ይሄ ትልቁ ነው። በበጋ የማዕከላዊ ሸለቆው መሬት ይግላል፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቦታውን ለመሙላት ከውቅያኖስ ቀዝቃዛ አየር በካርኪኔዝ ጠባብ መተላለፊያ በኩል እየተገፋ ይገባል። መንገዱ ደግሞ ዴልታው ላይ ነው። ሳክራሜንቶ ያሉ ሰዎች ማታ ማታ መስኮት ከፍተው "ዴልታ ብሪዝ መጣ" እያሉ የሚደሰቱበት ነፋስ ነው፤ እነሱ ጋ ሲደርስ ግን ደክሞት ነው። እናንተ ያላችሁት ጉሮሮው ላይ ነው። ከሪዮ ቪስታ በስተምዕራብ ሞንቴዙማ ኮረብታዎች ላይ የተደረደሩት የነፋስ ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም። ሸርማን አይላንድም በነፋስ ሸራ የሚንሸራተቱ ሰዎች ከሩቅ የሚመጡበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ከኮስትኮ የተገዛውን ትልቅ ድንኳን ከነሽቦ ካስማው ይዛችሁ አትሂዱ። ረጅም ካስማ፣ ትርፍ ገመድ፣ ጠንካራ መዶሻ ያዙ። የድንኳኑን ዝቅተኛ ጎን ወደ ምዕራብ አዙሩ፤ ነፋሱ ባመዛኙ ከዚያ ነው። አርቪ ያላችሁ ደግሞ ከጎን የሚዘረጋውን ጥላ ዘርግታችሁ ወደ ከተማ ለዕቃ አትሂዱ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ በድንገት ይነሳና ክንዱን ይሰብረዋል፣ የተከራያችሁት ከሆነ ደግሞ ዲፖዚቱን ደህና ሰንብት ማለት ነው። ስትተኙም፣ ስትወጡም ጠቅልሉት።

ሌላው ሙቀቱ ነው። ቀን ላብ በላብ ሆናችሁ ማታ ጥርስ ሊያንገጫግጭ ይችላል። ጋቢ ያዙ። ጋቢ ይዞ ሄዶ የተጸጸተ ሰው አላየሁም።

ውሃው ባለበት ይቆያል ብሎ ማሰብ

ውሃው ጨው የሌለው ይሁን እንጂ የሚታዘዘው ለባሕር ነው። በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ወንዙ ራሱ አቅጣጫውን የሚቀይርበት ሰዓት አለ፤ ጠዋት ወደ ባሕር ሲወርድ ያያችሁት ውሃ ከሰዓት ወደ ላይ ሲመለስ ታዩታላችሁ። ልጆቹ በጎማ ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ ውሃው በአንድ በኩል ነፋሱ በሌላ በኩል ይዟቸው ይሄዳል፣ እናንተ ሥጋ እየገለበጣችሁ ነው፣ ቀና ስትሉ መሃል ወንዝ ናቸው።

ውሃው ጎድሎ አሸዋ ሲታይ በእግር እስከዚያ መሄድ ያምራል። መመለሻው ግን ይሞላል። የግድቡ ዳር ደግሞ በትላልቅ ድንጋይ የተሸፈነና ቁልቁል የሚወርድ ነው፤ ሐይቅ ዳር እንደለመድነው ቀስ እያለ አይጠልቅም። ሁለት እርምጃ ገብቶ ከራስ በላይ ሊሆን ይችላል፣ ለመውጣት ደግሞ ድንጋዩ ያንሸራትታል። እውነቱን እንነጋገር፣ ከእኛ ውስጥ ዋና የማይችለው ብዙ ነው፣ አገር ቤት ያደገው በተለይ። ላይፍ ጃኬት ለልጅ ብቻ አይደለም። ሕጉ ጀልባው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲለብስ ያስገድዳል። ዋና ለማይችል ትልቅ ሰው ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም።

የታይድ (ውሃው የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት) ሰንጠረዥ ስልካችሁ ላይ በነጻ ይገኛል። ለሳን ፍራንሲስኮ የተጻፈውን ሰዓት ግን እንዳለ አትውሰዱ፤ ውሃው ወደ ውስጥ እስኪደርስ ሰዓታት ይዘገያል። የአቅራቢያችሁን ጣቢያ፣ ለምሳሌ ሪዮ ቪስታን፣ ምረጡ። ጀልባ ወይም ካያክ (ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ) ከዳር ዛፍ ላይ ስታስሩም ገመዱን አታሳጥሩት፣ ውሃው ሲወርድ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ።

ከሰሉን ወደ ውስጥ ማስገባት

ቡና የግድ ነው፣ ይገባኛል። ጀበናው ይሄዳል፣ ረከቦቱ ይሄዳል፣ ዕጣኑ ይሄዳል። ከዚያ ነፋሱ ይነሳና እሳቱን ያጠፋዋል፣ ዕጣኑን ይበትነዋል፣ አንዱ "እስቲ ወደ ውስጥ እናግባው" ይላል።

አታግቡት። ድንኳን ውስጥም፣ አርቪ ውስጥም። ከሰል ቀልቶ ጭሱን ሲያቆም ሰው ደህና ሆነ ይላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ ከቀላው ፍምም መውጣቱን አያቆምም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞርና ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ከሰል አግብተው ተኝተው ሳይነሱ የቀሩ ሰዎች ወሬ አገር ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር እንሰማለን። እዚህም አየሩ አይለይም። መስኮት ትንሽ መክፈት አያድንም። የባርቤኪው ፍምም ቢሆን በውሃ በደንብ ሳይጠፋ "ለሙቀት" ተብሎ ድንኳን በር ላይ አይቀመጥም።

ቡናውን ውጭ፣ አርቪው ነፋስ በሚከልልበት ጎን፣ በትንሽ የጋዝ ምድጃ አፍሉት። ጄኔሬተርም ያው ነው፤ የጭስ ማውጫው ወደ ማንም መስኮት እንዳይዞር። አርቪ ስትረከቡ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ድምፁን ስሙ። ካልጮኸ አትረከቡ።

እሳት ካነሳን አይቀር፣ መሬት ቆፍራችሁ እሳት አታንድዱ። ያ የበሰበሰ ሣር አፈር ራሱ ይነድዳል፣ ከላይ የጠፋ መስሎ ከሥር ይቀጥላል። የተዘጋጀው የብረት ቀለበት ውስጥ ብቻ፣ እሱም በዚያ ቀን ከተፈቀደ።

ጂፒኤስን አምኖ ግድብ ላይ መንዳት

የ160 መንገድ ውብ ነው። ግን ብዙው ክፍል ግድቡ አናት ላይ የተሠራ፣ ሁለት መስመር፣ ጠባብ፣ ጥምዝምዝ ነው። በአንድ በኩል ወንዝ፣ በሌላ በኩል ገደል ሥር ያለ ፒር የሚባል ፍሬ እርሻ፣ መሃል ላይ እናንተ ዛሬ ጠዋት የተከራያችሁት 28 ጫማ መኪና። ሐምሌ ላይ ፒር የሚያመላልሱ ከባድ መኪኖች ይጨመራሉ። ከኋላችሁ መኪና ከተሰለፈ ሰፋ ያለ ቦታ ሲገኝ ወጣ ብላችሁ አሳልፉ። ለስላሳው ጠርዝ ላይ ግን ጎማ አታሳርፉ፤ አፈሩ ይሸሻል። ማታ ለማያውቅ ሰው አልመክርም፣ ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ጭራሽ።

ድልድዮቹም አንዳንዶቹ ለጀልባ የሚከፈቱ ናቸው። የሪዮ ቪስታው ሲነሳ የ12 መንገድ መኪና ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ከአንቲዮክ በኩል ከመጣችሁ ደግሞ የአንቲዮክ ድልድይ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ያስከፍላል፣ ክፍያውም በአክስል ብዛት ስለሆነ ተጎታች ካላችሁ ይጨምራል። የተከራያችሁት ከሆነ ክፍያው እንዴት እንደሚመጣባችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ራየር አይላንድ የሚያሻግሩ ነጻ ፌሪዎች (መኪና የሚጭኑ ጀልባዎች) አሉ፤ ጄ ማክ እና ሪያል ማኮይ ሁለተኛው ይባላሉ። ልጆች ይወዷቸዋል። ጂፒኤሱ ግን እንደ ተራ መንገድ ቆጥሮ ይልካችኋል፣ ፌሪው ለጥገና ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ የክብደትና የርዝመት ገደብም አለው። ከደረሱ በኋላ ትልቅ አርቪ ጠባብ ግድብ ላይ ማዞር የሚያስቅ ነገር አይደለም።

መብራቱን ሁሉ አንዴ መሰካት

30 አምፕ የመብራት መሰኪያ ያለው የአርቪ ቦታ ላይ የምታገኙት ወደ 3600 ዋት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ብቻውን ወደ 1500 ይወስዳል፣ ኤሲው ተመሳሳይ ነው፣ ማይክሮዌቭ ሲጨመር ጠፋ። እንጀራውን ከቤት ጋግራችሁ ሂዱ፣ ካልሆነ ኤሲውን አጥፍታችሁ ጋግሩ። መሰኪያ በሌለበት የስቴት ፓርክ ደግሞ ጄኔሬተር የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 10 እስከ ማታ 8 በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። ሙዚቃም እንደዚያው፣ ውሃ ድምፅን ሩቅ ያደርሳል። የእኛ ጨዋታ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚሞቀው።

አረንጓዴ ውሃና ትንኝ

በጋው ሲበረታ፣ ውሃው ሲሞቅና ሲረጋ፣ ላዩ ላይ እንደ ተደፋ ቀለም የሚመስል አልጌ ይታያል። ዲስከቨሪ ቤይና ስቶክተን አካባቢ በተደጋጋሚ ይወጣል። መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ማፍላት አያጠፋውም። ልጅም ውሻም አይግቡበት። ውሻ ጸጉሩን ስለሚልስ ቶሎ ይጎዳል። ትንኙ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ይመጣል፣ ዌስት ናይል የሚባል ቫይረስም ሊይዝ ይችላል። የሚቀባ መከላከያና ረጅም እጅጌ፣ አለቀ።

ያጠመዱትን ሁሉ መብላት

16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ "እኔ ዘንጉን ብቻ ነው የያዝኩት" አይሠራም። አምባዛ አለ፣ ስትራይፕድ ባስ አለ፣ ስተርጅን የሚባለው ግዙፍም አለ፤ እሱ ላይ ያለው ሕግ ጥብቅ ነው፣ የዓመቱን ደንብ ሳታነቡ አትንኩት።

የማይታወቀው ነገር ሜርኩሪው ነው። በወርቅ ፍለጋው ዘመን ወርቁን ለመለየት የተጠቀሙበት ሜርኩሪ ከተራራው ታጥቦ ወርዶ እስካሁን ደለሉ ውስጥ አለ። ትልልቅና ሌላ ዓሣ የሚበሉ ዓሦች ውስጥ ይከማቻል። ስቴቱ የትኛው ዓሣ በሳምንት ስንቴ ይበላ የሚል ዝርዝር አውጥቷል፣ ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶችና ለልጆች ለብቻው፣ ጠበቅ አድርጎ። ማሪናዎች ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። እርጉዝ ሴት ካለች ሳታዩት አትጥበሱላት።

ጀልባን ሳያስመረምሩ መጎተት

2024 ጥቅምት ላይ ወርቃማ ሙሰል የሚባል ባለ ሁለት ቅርፊት ትንሽ የውሃ ፍጥረት ስቶክተን ወደብ ላይ ተገኘ፤ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ በጀልባ እንዳይዛመት ብዙ ሐይቆች ዴልታ የነካ ጀልባ ላይ ምርመራ ወይም የመጠበቂያ ቀናት ይጠይቃሉ። ቅዳሜ ዴልታ፣ እሁድ ሌላ ሐይቅ የሚል ዕቅድ ካላችሁ በር ላይ ትመለሳላችሁ። ስትወጡ አጽዱ፣ ውሃውን አፍስሱ፣ አድርቁ። ካያክም ያው ነው። ሞተር ያለው ጀልባ የሚነዳ ሰው ደግሞ ከ2025 ጥር 1 ጀምሮ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ የካሊፎርኒያ የጀልባ ነጂ ካርድ ያስፈልገዋል። ፈተናው ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ግን ካርዱ በፖስታ እስኪመጣ ጊዜ ስለሚወስድ የጉዞው ሳምንት ላይ አትጀምሩት።