ከአዲስ አበባ ወደ ሐይቅ ዳር ስንወጣ ከአካባቢው ሰው ጋር የሚያጋጩን ስህተቶች

ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይና ስታዲየም አካባቢ ብትሄዱ የተደረደሩ ሚኒባሶችና ኮስትሮች ታያላችሁ። ጉዞው በቴሌግራም ተዘጋጅቶ፣ ክፍያው በሞባይል ተልኮ ያለቀ ነው። አንዱ ወደ ቢሾፍቱ፣ አንዱ ወደ ላንጋኖ፣ ሌላው ወደ ወንጪ ይነሳል። ባሕር ባይኖረንም ሐይቅ አለን። የሳምንቱን ድካም የምናራግፈው እዚያ ነው።

የሚያሳስበኝ ከመልስ በኋላ የሚወራው ነው። "ሰዎቹ አስቸገሩን፣" "በየሜትሩ ብር ጠየቁን፣" "ልጆቹ መኪናችን ላይ ድንጋይ ወረወሩ።" የሐይቅ ዳር ነዋሪውም የራሱ ብሶት አለው፤ ግን ፒያሳ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያወራለት የለም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው በእኛ በኩል ስላለው ጥፋት ነው። አብዛኛው ጸብ ከክፋት የሚመጣ አይደለም። ከመነሳታችን በፊት ብናውቀው የሚቀር ነገር ነው።

ዳርቻው ባለቤት የለውም ብሎ ማሰብ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌሎቹም በአብዛኛው የሚመጡት ከዚሁ ነው።

ላንጋኖን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከመኪና ስትወርዱ የምታዩት ቡናማ ውሃ፣ አሸዋና ግራር ነው። አጥር የለም፣ "መግባት ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍም የለም። ስለዚህ ጥላው ያማረበትን ቦታ መርጠን ድንኳን እንተክላለን፣ መኪናውን ውሃው አፍ ድረስ እንነዳለን፣ ስፒከሩን እንከፍታለን። ፀሐይ ስትበረታ ከብቶች ይመጣሉ። የቆምነው መውረጃቸው ላይ ነው። ከብቱ ጫጫታ ሲሰማ ይደነብራል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አንዳንዱም ይበተናል። እረኛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው። ማታ ቤቱ ሲገባ ስለጎደለው ጥጃ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ሴቶቹም ጋ ያው ነው። ውሃ የሚቀዱበትና ልብስ የሚያጥቡበት ቦታ የታወቀ ነው። እዚያ በዋና ልብስ የተሰበሰቡ ወንዶች ሲያዩ ጀሪካናቸውን እንደያዙ ይመለሳሉ ወይም ራቅ ብለው ይጠብቃሉ። ያኔ የተሳደበም የተጣላም የለም። እኛ "እንዴት ሰላማዊ ቦታ ነው" እያልን እንቀጥላለን፤ እዚያ ማዶ ግን አንድ ቤተሰብ ያለ ውሃ አርፍዷል።

ቢሾፍቱ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከመሀል ከተማ ከ50 ኪሎ ሜትር በታች ነው፤ ሐይቆቹ ብዙ ናቸው፤ ከዳርቻዎቻቸው ብዙው በሪዞርትና በሆቴል ታጥሯል። እኛ የመግቢያ ከፍለን ስንገባ አጥሩን አናየውም፤ በውጭ የቀረው ሰው ግን በየቀኑ ያየዋል። ሆራ አርሰዲ ደግሞ በየዓመቱ ከመስቀል በዓል በኋላ ኢሬቻ የሚከበርበት ቅዱስ ስፍራ ነው። እዚያ ውሃ ላይ የቢራ ጠርሙስ መወርወር የጽዳት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

"መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ምን አገባህ?" ሲባል ስሰማ በጣም ይከፋኛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ እውነት ነው። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን አርሶ አደሩ ከመሬቱ ያለመነቀል፣ አርብቶ አደሩም የግጦሽ መሬት የማግኘትና የመጠቀም መብት እንዳለው ተጽፏል። በ2009 ዓ.ም. የተቃውሞ ወቅት ላንጋኖ ዳር የነበረ ሎጅ መቃጠሉን የምታስታውሱ አላችሁ። የዚያ ምክንያት የአንድ ቀን ሽርሽር ጸብ አልነበረም፤ ንብረት ማቃጠልንም ማንም ትክክል አይለውም። ነገር ግን በእነዚህ ዳርቻዎች የመሬትና የውሃ ጥያቄ የቆየ ነው። እኛ የምንደርሰው እሱ መሀል ነው።

የመሀል አዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ሲነሳ አይተናል። ያደግንበት ሰፈር ለሌላ ሰው መናፈሻ ሲሆን ምን እንደሚሰማ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ሐይቅ ዳር ያለው ሰው ፊቱን ቢያጠቁርብን ያንኑ ስሜት እያሰብን እንየው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዕቃ ከማውረዳችሁ በፊት አንድ ትልቅ ሰው ፈልጉና ጠይቁ። ከብት በየት ይወርዳል? ውሃ የት ይቀዳል? የት ብንቀመጥ ይሻላል? የጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ የተሻለው ጥላ ይመረጥለታል።

ዋጋ ሳይቆርጡ ጀልባ ወይም ፈረስ ላይ መውጣት

በብዛት የሚያጣላው ይሄ ነው። ሰው ቸኩሎ ጀልባ ላይ ይወጣል፣ ደርሶ ሲመለስ ዋጋ ይጠየቃል፣ "ዘረፋ ነው!" ይላል። ዘረፋ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ ግን አስቀድሞ አልተነጋገረም።

ከመነሳታችሁ በፊት እነዚህን ነገሮች ለዩ። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ? ደርሶ መልስ ነው? የመጠበቂያ ሰዓት ይታሰባል? የአስጎብኚው ለብቻ ነው? ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዝርዝር ብር ያዙ። ኔትወርክ ከጠፋ በሞባይል መክፈል አይቻልም፤ "መልስ የለኝም" የሚለው ንግግርም ጸብ ይወልዳል።

ወንጪን ለማያውቅ፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፤ አፋፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኗል። እዚያ ፈረሰኞቹና አስጎብኚዎቹ በማኅበር ተደራጅተው በወረፋ ሲሠሩ ቆይተዋል። ከተማ የለመደ ሰው ደግሞ "ያንን ነጭ ፈረስ ነው የምፈልገው" ይላል፣ ወይም በስልክ የሚያውቀውን ልጅ ይጠራል። ለእኛ ይህ ምርጫ ብቻ ነው። ለእነሱ ግን ወረፋ ተሰበረ ማለት ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ተራውን ሲጠብቅ የዋለ ሰው እንጀራውን አጣ። እርስ በርስ ይጣላሉ፤ እኛ "ለምንድን ነው የሚጮሁት?" እንላለን። ማኅበር ባለበት ቦታ ወደ ማኅበሩ ሂዱ፣ በወረፋው ተስተናገዱ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ።

መደራደር ነውር አይደለም። መርካቶም እንደራደራለን። ነውሩ በተቆረጠ ዋጋ ተሳፍሮ ሲወርዱ ማጉደል ነው።

ይህን ስል ገመድ ዘርግተው መኪና የሚያስቆሙ፣ ማን እንደላካቸው የማይታወቅ ጎረምሶች የሉም እያልኩ አይደለም። አሉ፤ ሕጋዊ አይደለም፣ የአካባቢውንም ስም ያጎድፋል። የጉዞ አዘጋጁ ኃላፊነት እዚህ ላይ ነው። ከጉዞው በፊት ለቀበሌው ወይም ለማኅበሩ ደውሎ መግቢያው ስንት እንደሆነና ማን እንደሚቀበል ያጣራ። ሠላሳ ሰው ጭኖ ይህን ሳያጣራ የሚሄድ አዘጋጅ ሥራውን አልሠራም። ተጓዡም ብር ከመላኩ በፊት ይጠይቀው።

አዋቂውን "አንተ" ማለት

ሰፈራችን ውስጥ የአባታችን እኩያ የሆነን ሰው "አንተ" አንልም። ዝዋይ ዳር ጀልባ የሚቀዝፈውን የስልሳ ዓመት ሰው ግን ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ "አንተ፣ ፍጠን እንጂ!" ሲለው ይሰማል። ትንሽ ከተሻለ "ፋዘር" ይለዋል። ሰውየው ዝም ይላል። ልጆቹ ግን ሰምተዋል፤ ድንጋዩ ከየት እንደሚመጣ ለሚገርመው ሰው አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

"አባባ፣ እንደምን ዋሉ?" በሉ። በላንጋኖና በወንጪ ዙሪያ አብዛኛው ሰው የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው፤ "አካም" ብሎ ሰላም ማለትና "ገለቶማ" ብሎ ማመስገን ማንንም አይከብድም። አማርኛ ባልቻለ ሰው ላይ መሳቅ ግን ለመታረቅ የሚያስቸግር ስድብ ነው።

ከመኪና መስኮት መወርወር

በዚህ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። በየመንገዱ ልጆች "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" እያሉ ባዶ ፕላስቲክ ይጠይቃሉ። ከሚሄድ መኪና ይወረወርላቸዋል። ከረሜላም፣ ሳንቲምም እንዲሁ። ልጆቹ ለማንሳት ይሽቀዳደማሉ፤ ከኋላ የሚመጣ ሲኖትራክ አለ። ወላጆች ይህን ስለሚያውቁ ነው የሚቆጡት፤ "ደግ ስንሠራ ተሰደብን" የሚሉ ሰዎች ይህን ይረዱ።

መስጠት የፈለገ ደብተርና እስክሪብቶ ይግዛና ለትምህርት ቤቱ ለመምህሩ ያስረክብ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ብር የሚበተንበት ዳርቻ ላይ ልጅ ከብት ጥበቃውንም ጥናቱንም ትቶ መኪና መጠበቅ ይጀምራል።

ሳያስፈቅዱ መቅረጽ

ልብስ የምታጥብን ሴት ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መጫን ማዋረድ ነው። ቪዲዮው መንደሩ ይደርሳል፤ ዛሬ ስልክ የሌለበት መንደር የለም። አስፈቅዱ፤ "እምቢ" ከተባላችሁ ስልኩን አስቀምጡ። ድሮን ደግሞ በሀገራችን ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከብት ያስበረግጋል፣ በየሰው ግቢም ይገባል። ቤት ትታችሁት ሂዱ።

ሙዚቃና መጠጥ

በላንጋኖ ዙሪያ ያለው ነዋሪ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። በሶላት ሰዓት፣ ይልቁንም በረመዳን፣ ከመንደሩ አጠገብ ቢራ ይዞ መጨፈር ምን እንደሚመስል አስቡት። ወንጪ ሐይቅ መሀል ደሴቷ ላይ ደግሞ ቂርቆስ ገዳም አለ። ጀልባ ላይ ዘፈን ከፍቶ ወደ ገዳም መጠጋት፣ ቁምጣ ለብሶ ቅጥሩ ውስጥ መግባት አይገባም። ነጠላ ያዙ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስትገቡ ጫማችሁን አውልቁ።

መጠጣት የፈለገ በሎጁና በሆቴሉ ግቢ ይጠጣ። የተሰበረ ጠርሙስ አሸዋ ውስጥ ይቀራል፤ በባዶ እግሩ የሚሄደው እረኛ ይረግጠዋል፣ የከብቱ ሰኮናም ይሰነጠቃል። ከእኛ በኋላ የሚቀረው ጉዳት ይሄ ነው።

ሁሉን ነገር ከሸገር ጭኖ መሄድ

ውሃው፣ ዳቦው፣ ሥጋው፣ እንቁላሉ ሁሉ ከአትላስ ሱፐርማርኬት ይገዛል። ሐይቅ ዳር የሚቀረው ቆሻሻው ብቻ ይሆናል። ነዋሪው "ከእናንተ ምን አገኘን?" ቢል እውነቱን ነው።

መንገዱ ራሱ ገበያ ነው። መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ባቱ (ዝዋይ) ላይ ትኩስ ቆሮሶ ዓሣ፣ ወንጪ ላይ ማር አለ። ምሳውን እዚያው የምታበስል ሴት ካለች ቀድማችሁ ደውሉና አዘጋጁ ብላችሁ ንገሯት። ገንዘቡ እጇ ላይ ሲገባ ስለ እንግዳ ያላት አመለካከት ይለወጣል።

አንድ ነገር ግን አትግዙ፦ ከሰል። ከባቱ ወደ ላንጋኖ በሚወስደው መንገድ ዳር ጆንያ ተደርድሮ ይሸጣል፤ ከከተማው ስለሚረክስ ብዙ ሰው የመኪናውን ዕቃ መጫኛ ሞልቶ ይመለሳል። ያ ከሰል ግራር ነበር። የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ የግራር ደን በዚሁ ከሰል ምክንያት ክፉኛ ተመናምኗል። ሻጩ ድሃ መሆኑን አውቃለሁ፤ ልብ ይነካል። እሱኑ ሰው ለመደገፍ ዓሣውንና እንቁላሉን ግዙት። ለካምፕ እሳት ብላችሁ የቆመ ዛፍ ቅርንጫፍ መስበር ደግሞ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

"እዚህ አትዋኙ" ሲባል አለመስማት

የቢሾፍቱ ሐይቆች በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። ከዳር ጥቂት እንደገባችሁ መሬቱ ይከዳል፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው። የአካባቢው ሰው ሲከለክል "ብር ፈልጎ ነው" አትበሉ። ሰው ሲሰጥም ውሃ ገብቶ የሚፈልገው እሱ ነው።

ጸብ ሲነሳ ጉራ መንዛት

"ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?" እና "ፖሊስ ነው የምጠራብህ" የሚሉት ቃላት ጸብ አብርደው አያውቁም። "ገጠሬ" የሚለው ስድብማ ሃያ ሰው ያስነሳል።

ከመካከላችሁ ረጋ ያለ አንድ ሰው ብቻ ይናገር፤ ሌላው መኪና ውስጥ ይቆይ፣ ስልክ አውጥቶም አይቅረጽ። ያ ሰው ከጎረምሶቹ ጋር አይከራከር፤ ሽማግሌ ይጠይቅ። ሽማግሌ ሲመጣ ይነሳ፣ ሰላምታ ያቅርብ፣ ጥፋቱን በአጭሩ ይናገር፣ ይቅርታ ይጠይቅ። ሽማግሌ የተቀመጠበት ነገር ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል፤ ጎረምሶቹም ይሰሟቸዋል።

መኪናችሁ ፍየል ወይም በግ ከገጨ ደግሞ በፍጹም አትሽሹ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳትሄዱ የሚቀጥለው መንደር በስልክ ሰምቷል፤ ባትያዙ እንኳን ቁጣው ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጣው መኪና ላይ ያርፋል። ቁሙ፣ ባለቤቱን አስጠሩ፣ ሽማግሌና የትራፊክ ፖሊስ ባሉበት ዋጋውን ተስማሙ። የተከፈለው ብርና የባለቤቱ ፊርማ ያለበት ወረቀት ጻፉና አንዱን ኮፒ ለእሱ ስጡት።