በቅንጡ መኪና ላይ የተሳቢ መጎተቻ ሲገጠም፦ ችግርና መፍትሄ ለሰሜን ሸዋ መንገድ

ላንድክሩዘር 300ም ሆነ ሬንጅ ሮቨር የራሱ ፍሬን ያለው እስከ 3,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳቢ የመጎተት አቅም አላቸው። ስለዚህ ከመንዝ በግ፣ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ደብረ ብርሃን ለመግባት ጉልበት አያንስም። ችግር የሚመጣው ገጣሚው ዘመናዊውን መኪና እንደ ድሮ የጭነት መኪና ቆጥሮ፣ ብረት በይዶና ሽቦ ልጦ ሲያስረክብ ነው። ከተማ ውስጥ ምንም ላይሰማ ይችላል። ጣርማ በር ላይ ግን የተሸፈነው ሁሉ ይገለጣል።

ብሎኑ ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ ይቆማል

ብዙዎቹ መኪናዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የመጎተቻው ቀዳዳ ውስጥ ዳዶው አብሮ ተበይዶ ነው። በቀዳዳው ውስጥ ቀለም፣ ሰም ወይም የጠጠር መንገድ ጭቃ ይደርቃል። ቁልፉን በቧንቧ አስረዝሞ ማስገደድ ጥርሱን ይበላዋል፤ የውስጡ ዳዶ ከተላቀቀ ደግሞ ሥራው በሦስት እጥፍ ይበዛል። በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፣ ዘይት ይጨምሩ፣ ካስፈለገም በብሎን ጥርስ ማውጫ (ታፕ) ቀስ ብለው የተበላሹትን ጥርሶች ያድሱ።

ብሎኑ ጭንቅላት ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ቁጥር መኖር አለበት። ቁጥር የሌለውን ለበር ማጠፊያ ያቆዩት። ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ 8.8 ብሎን በተለምዶ ወደ 80 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ ከመጎተቻው ጋር የመጣው ወረቀት ሌላ ቁጥር ከሰጠ ግን እሱን ይከተሉ። ከመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጠበቅ። መንገድዎ ወደ መንዟ ከተማ መሐል ሜዳ ከሆነ እስከዚያ አይቆዩ፣ ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለሱ ይፈትሹት።

በብየዳው ዙሪያ ስንጥቅ ወይም የዝገት መስመር ይታያል

ላንድክሩዘርና ሌክሰስ ኤልኤክስ ራሱን የቻለ ሻንሲ አላቸው። ሬንጅ ሮቨርና ቢኤምደብሊው ኤክስ 5 ግን አካላቸው ራሱ ነው ተሸካሚው። በተለይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2012 ወዲህ የተሠራው ሬንጅ ሮቨር አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ የብረት መጎተቻ ሊበየድበት አይችልም። ጠንካራውን የዘመኑን ብረትም የብየዳ ሙቀት ያለሰልሰዋል። መፍትሄው በስንጥቁ ላይ ሌላ ላሜራ መደረብ አይደለም፤ አውልቆ ለዚያው ሞዴል የተሠራውን በብሎን የሚታሰር መጎተቻ ማስገባት ነው። ዋጋው ያማል፣ ነገር ግን ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ተለይቶ የሄደ ተሳቢ የማንን ቤት እንደሚያንኳኳ አይታወቅም።

መብራቱ ያብዳል

ከቅሬታዎች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው፤ መልኩም ብዙ ነው።

*ዳሽቦርዱ ላይ የአምፖል ማስጠንቀቂያ ይበራል፣ ወይም የኋላ መብራት አልፎ አልፎ ይጠፋል።* የመኪናው ኮምፒውተር ወደ እያንዳንዱ መብራት የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ይከታተላል። ከኋላ መብራት ሽቦ ላይ ለተሳቢው ቅጥያ ሲወጣ ፍሰቱ ይበዛበትና ብልሽት ነው ብሎ ይዘጋዋል። ቅጥያውን ያስነሱና ሽቦውን ያስመልሱ። ከዚያ ለተሳቢ የተሠራ መቆጣጠሪያ ሣጥን ይገጠም፤ ኃይሉን በፊውዝ በኩል ከባትሪ በቀጥታ ይውሰድ። በመጨረሻም በምርመራ መሣሪያ ለኮምፒውተሩ መጎተቻ መኖሩ ይነገረው። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ሲዘለል ነው ወደ ኋላ ማርሽ በገባ ቁጥር ሴንሰሩ ተሳቢውን እንደ ግድግዳ አይቶ የሚጮኸው።

*ፍሬቻ ሲያሳዩ የተሳቢው መብራት በሙሉ አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል።* አሉታዊው ሽቦ ተቋርጧል። በአውሮፓው ባለ 7 ቀዳዳ መሰኪያ ቁጥር 3፣ ነጩ ሽቦ ነው። አንዳንድ ገጣሚ ተሳቢው የሚታሰርበት የመጎተቻ ኳስ ራሱ ብረት ነው ብሎ ሽቦውን ይተወዋል፤ ኳሱ ላይ ግን ኤሌክትሪኩን የሚያግድ ግራሶ አለ። ሽቦው ከተሳቢው እስከ መኪናው አካል ድረስ ሳይቋረጥ ይሂድ፣ የሚታሰርበትም ብረት ቀለሙ ይፋቅ።

*የተሳቢው መብራት ደብዝዟል።* አምፖሉን አውልቀው ያንብቡት። ተሳቢው እዚሁ የተሠራ ከሆነና መብራቱ ከጭነት መኪና የተወሰደ ከሆነ 24 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ የእርስዎ መኪና 12 ቮልት ነው። አምፖል መቀየር ይበቃል።

*ፍሬኑ ሲረገጥ ፍሬቻው ግራ ይጋባል።* ከአሜሪካ በመጡ ተሳቢዎች ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ በአንድ ሽቦ ይሄዳሉ። ለየብቻ ከሚልክ መኪና ጋር ለማስማማት መቀየሪያ ሣጥን ያስፈልጋል። ክረምት ካለፈ በኋላ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ መሰኪያው ይከፈት፤ አረንጓዴ ዝገት ካለ ሌላ ምርመራ ላያስፈልግ ይችላል።

በየጉድጓዱ ይንኳኳል

ኳሱን በካሊፐር ይለኩ። የአውሮፓው 50 ሚሊ ሜትር፣ የአሜሪካው 47.6፣ 50.8 ወይም 58.7 ነው። ለ50.8 የተሠራ የተሳቢ አፍ 47.6ቱን ኳስ የነከሰ ይመስላል፤ መኪናው ጉድጓድ ሲዘል ግን ይተፋዋል። ልኩ ትክክል ሆኖ ከተንኳኳ፣ ኳሱን የተሸከመው አራት ማዕዘን ብረት ቤቱ ውስጥ እየተጫወተ ነው፤ ማጥበቂያ ይደረግለት። የደህንነት ሰንሰለቶቹን ግራና ቀኝ አጠላልፈው ይሰሩ።

ተሳቢው እንደ ጅራት ይወናጨፋል

በተሳቢው አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ክብደት አንሷል። በጥቅሉ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ወደ 10 በመቶ የሚጠጋው ኳሱ ላይ ቢያርፍ ይመረጣል፤ ከመጎተቻው ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ግን አይብለጥ። ሽንኩርት ከጫኑት ቦታ አይንቀሳቀስም። በግ ግን ዳገት ሲወጣ ወደ ኋላ ይከማቻል፣ የተሳቢው አፍንጫም ይነሣል። በጣውላ ሁለት ሦስት ክፍል ይከፋፍሉትና አብዛኛውን ከጎማው በፊት ያድርጉ። መወናጨፍ ከጀመረ መሪውን አይታገሉ፣ ነዳጁን ይልቀቁ።

የመኪናው ኋላ ተቀምጦ የፊት መብራቱ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ከሆነ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፣ ክብደቱ በዝቷል። የአየር ሞላ ያለው መኪና ራሱን ስለሚያስተካክል ይህን ይደብቃል፤ ስለዚህ በዓይን ሳይሆን በሚዛን ይመኑ።

ዳገት ላይ ይደክማል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይሸታል

መድከሙ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያ ከፍታ የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ብዙ የአውሮፓ አምራቾች በየ1,000 ሜትሩ የሚጎተተውን 10 በመቶ ቀንሱ ይላሉ።

የፍሬኑ ሽታ ግን ቸል አይባልም። መንገዱ ከጣርማ በር ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ከፍታው ከ1,500 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ከ750 ኪሎ በላይ የሚመዝን ተሳቢ የራሱ ፍሬን ከሌለው መንስኤው ተገኝቷል፤ ፍሬን ይገጠምለት ወይም ጭነቱ ይቀነስ። ፍሬን ካለው፣ ፍሬኑን የሚያሠራው መግፊያ ዝጎ እንዳልተያዘ ይፈትሹ። ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ያስገቡ። ሽታው ከመጣ ሰፊ ቦታ ላይ ቆመው ጎማውን በድንጋይ ይደግፉ፣ የእጅ ፍሬኑን አጥብቀው አይያዙት፣ በጋለው ዲስክ ላይም ውሃ አያፍሱ፤ ይጣመማል።