የኤርዲግን ሥነ ሕንፃ ለማወቅ የሚፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ምሥራቅ ዌልስ፣ በሬክሰም ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው ኤርዲግ ከመቶ ዓመት በላይ በዘለቀ ጊዜ ውስጥ ሲጨመርበትና ሲለወጥ የኖረ የባላባት መኖሪያ ነው። ስለ ቤቱ በሚነገረውና በሚጻፈው ላይ የሚታዩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ቤቱን አንድ ሰው ባንድ ጊዜ አስቦ ሠርቶ የጨረሰው አድርጎ ከማየት ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት የቤቱን ዕድሜ በፊት ገጹ መገመት ነው። በምዕራብ በኩል የሚታየው ጌጥ ያልበዛበት የድንጋይ ገጽ የተሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1772 እና በ1773 ሲሆን፣ ሥራውን ለባለቤቱ ለፊሊፕ ዮርክ ያከናወነው አርክቴክቱ ጄምስ ዋያት ነው። ድንጋዩ ግን ልባስ ብቻ ነው፤ ከጀርባው ያለው በ1680ዎቹ የተገነባ የጡብ ግድግዳ ነው። ይህ ወገን ለነፋስና ለዝናብ የተጋለጠ በመሆኑ ልባሱን የዘመኑ ፋሽን ያመጣው ጌጥ ብቻ አድርጎ መቁጠርም ትክክል አይደለም፤ ጡቡን ከአየሩ ይከላከልለታል። ዞሮ በምሥራቅ በኩል ያላየው ሰው ቤቱን በግማሽ እንኳ አላየውም ማለት ይቻላል።

በምሥራቅ በኩል ደግሞ ሌላ ስህተት ይጠብቃል፤ ይኸውም ጡብ የሆነውን ሁሉ የአንድ ዘመን ሥራ አድርጎ መውሰድ ነው። ዘጠኝ መስኮቶች በጎን የተደረደሩበት መካከለኛው ክፍል የመጀመሪያው ቤት ሲሆን፣ ያሠራው ጆሳያ ኤዲስበሪ በ1683 በእንግሊዝ ካለው የቼሻየር አውራጃ ከመጣው ግንበኛ ከቶማስ ዌብ ጋር ውል ገብቶ ነው። ኤዲስበሪ በዕዳ ተዘፍቆ ቤቱ ከእጁ ወጣ፤ በግራና በቀኝ የተቀጠሉትን ክንፎች በ1720ዎቹ ያስገነባው ቤቱን የገዛው የለንደን የሕግ ሰው ጆን ሜለር ነው። ስለዚህ የሕንፃው ርዝመት የመጀመሪያውን ባለቤት ምኞት ሳይሆን የሁለተኛውን ገንዘብ ያሳያል። እንዲህ ባለ ቤት ፊት ሲቆሙ ከዋናው በር ይልቅ አሮጌውና አዲሱ ግንብ የሚገናኙበትን ቦታ፣ የጣሪያውን ከፍታና የመስኮቶቹን ልክ ማስተዋል ይጠቅማል።

ኤርዲግ ዌልስ ውስጥ ስለሆነ ብቻ የዌልስ ባህላዊ የቤት አሠራር ምሳሌ አድርጎ ማቅረብም አያስኬድም፤ ግንበኛው ከየት እንደመጣና የክንፎቹ ገንዘብ ከየት እንደተገኘ ከላይ የተባለው ይበቃል።

ሌላው ስህተት የአገልጋዮችን ወገን እንደ ተራ ጓዳ ማለፍ ነው። ትልቁ ወጥ ቤት በ1770ዎቹ ሲሠራ እሳት ቢነሳ ወደ መኖሪያው እንዳይዛመት በሚል ተነጥሎ የቆመ ሲሆን፣ ከዋናው ቤት ጋር የተገናኘው በኋላ ነው። በእኔ እምነት የቤቱን የኑሮ ሥርዓት ከሳሎኖቹ ይልቅ ይህ ወገን በግልጽ ይናገራል።

ቤቱ በሃያኛው መቶ ዘመን የደረሰበትን ጉዳት የእርጅና ወይም የግንበኛ ጥፋት አድርጎ መተርጎምም የተለመደ ነው። ዋናው ምክንያት ግን ከሥሩ የነበረው የበርሻም የከሰል ማዕድን ነው፤ ከሰሉ ሲወጣ መሬቱ ሰመጠ፣ ቤቱም ሳይስተካከል አብሮ በመውረዱ ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ ጣሪያውም ያፈስ ጀመር። ቅርስ ጠባቂው ናሽናል ትረስት በ1973 ተረክቦት፣ ከሰፊ ጥገና በኋላ በ1977 ለጎብኚ ተከፍቷል።

በመጨረሻም፣ የአርክቴክቱን ስም ሰምቶ ስልቱን አስቀድሞ መወሰን አይገባም። በ1820ዎቹ የኤርዲግን የምግብ አዳራሽ ያደሰው ቶማስ ሆፐር በዚያው በሰሜን ዌልስ የፔንሪን ቤተ መንግሥትን የኖርማን ዘመን ተብሎ የሚጠራውን የመካከለኛው ዘመን ግዙፍ ምሽግ አስመስሎ የሠራ ሰው ነው፤ ኤርዲግ ውስጥ ግን ረጋ ያለ የክላሲካል ስልት፣ ማለትም የጥንት ግሪክና ሮም ሕንፃዎችን አርአያ የሚያደርገውን፣ መርጧል።