ፕሮሜቲየስ አልነሳም ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

የምሠራው ስታዲየም አካባቢ ያለ ቢሮ ውስጥ ነው። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ዩፒኤሱ አልቆየም። ጠዋት ስንገባ ሰርቨሮቹ ተመልሰዋል፤ እነሱን የሚከታተለው ፕሮግራም፣ ፕሮሜቲየስ፣ ግን ወድቋል። ክትትል ከሌለ የትኛው ሰርቨር እንደሞተ የሚነግራችሁ የተናደደ ደንበኛ ነው። ያን ቀን የሠራናቸውን ስህተቶች እናንተ እንዳትደግሟቸው እነሆ።

ደጋግሞ ማስነሳት። ባልደረባዬ «ወንድሜ፣ እስቲ አንዴ ድገመው» አለኝ። ደገምኩት፤ ደጋገምኩት። ሌላ ካላዘዛችሁት በቀር ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) በ10 ሰከንድ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ማስነሳት አይፈቅድም። ከዚያ ወዲያ የሚሰጣችሁ «ቶሎ ቶሎ ተደጋገመ» የሚል መልስ ብቻ ነው፤ ዋናው ምክንያት ከሥሩ ይቀበራል። የአገልግሎቱን ሁኔታ የሚያሳየው የስታተስ ትእዛዝ ደግሞ በተለምዶ የሚያሳየው የመጨረሻዎቹን 10 መስመሮች ነው። ስለዚህ እጃችሁን ሰብስቡ። የአገልግሎቱን ጆርናል (ሲስተምዲ የሚይዘውን መዝገብ) ለብቻው አውጡና ከመጀመሪያው ውድቀት ጀምራችሁ አንብቡ።

ሰዓት ማምታታት። ይሄ እኛ አገር ብሶ ይታያል። የሕንፃው ጥበቃ «መብራቱ የሄደው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው» አሉን። ጆርናሉ ላይ የ08:00ን መስመር ስንፈልግ ግማሽ ሰዓት አለፈ። የሌሊቱ 8 ሰዓት ለሰርቨሩ 02:00 ነው። በዚያ ላይ ፕሮሜቲየስ ራሱ የሚጽፈው ሰዓት ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ስለሆነ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። አንዷ መስመር መጀመሪያዋ ላይ 02:06 ትላለች፤ ውስጧ ደግሞ 23:06፣ ያውም የትናንት ቀን። ሁለቱም አንድ ቅጽበት ናቸው። መጀመሪያ ይህን ወረቀት ላይ አስሉ፣ ከዚያ ፈልጉ።

ጥፋቱን ሁሉ መብራት ላይ መጣል። መስመሯን ስናገኛት የምታወራው ስለ ኮንፊግ (ማዋቀሪያ) ፋይሉ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት አንዳችን ፋይሉን ስናስተካክል በስፔስ ፈንታ ታብ ገብቷል። ፋይሉ የተጻፈበት ያምል ደግሞ መስመርን ወደ ውስጥ ገባ ለማድረግ ታብ አይቀበልም። ፕሮሜቲየስ በአሮጌው ኮንፊግ ሲሠራ ስለቆየ ማንም አላወቀም። መብራቱ የቆየውን ጥፋት አወጣው እንጂ አልፈጠረውም። ፋይሉን በነካችሁ ቁጥር ከፕሮሜቲየስ ጋር በሚመጣው መፈተሻ፣ በፕሮምቱል፣ ፈትሹት፤ የተበላሸውን ቦታ ከነመስመር ቁጥሩ ይነግራችኋል።

በሩት (ሁሉ በሚፈቀድለት ዋና ተጠቃሚ) በእጅ ማስነሳት። እኔን ያቃጠለኝ ይሄኛው ነው። ታቡን ካስተካከልን በኋላ «እስቲ ልሞክረው» ብዬ በሩት በእጄ አስነሳሁት። ሠራ! ዘግቼው በአገልግሎቱ በኩል ሳስነሳው ግን «ፈቃድ የለህም» ብሎ ወደቀ። በሩት ሲነሳ ዳታ ፎልደሩ ውስጥ የፈጠራቸው አዳዲስ ፋይሎች የሩት ሆነው ቀርተዋል፤ አገልግሎቱ የሚሮጠው ግን ፕሮሜቲየስ በሚባል ተጠቃሚ ስም ነው። አንድ ጥፋት የነበረው ሁለት ሆነ። መፍትሔው የፎልደሩን ባለቤትነት ቻውን በሚባለው ትእዛዝ ወደዚያ ተጠቃሚ መመለስ ነው። ለሁሉም 777 (ሙሉ ፈቃድ) መስጠት መፍትሔ አይደለም፤ የክትትል ዳታችሁን ማንም እንዲሰርዘው በር መክፈት ነው።

ትንንሾቹንም አትርሷቸው። የዩኒት ፋይሉን (አገልግሎቱ እንዴት እንደሚነሳ የሚናገረውን) ከቀየራችሁ ሲስተምዲ እንደገና እንዲያነበው ዴሞን ሪሎድ አድርጉ። ፕሮሜቲየስ የሚጠቀምበት ፖርት 9090 በሌላ ፕሮግራም ተይዞ እንደሆነ እዩ፤ የሰርቨር ማስተዳደሪያው ኮክፒትም የሚጠቀመው ይህንኑ ቁጥር ነው። ዲስኩ ሞልቶም ሊሆን ይችላል፤ ቦታ እያለ አይኖዱ (ዲስኩ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚይዘው መመዝገቢያ) ያለቀበት ጊዜም አለ።

ቸኩሎ መግደል። በመጨረሻ ተነሳ፤ ገጹ ግን አልከፈት አለ። ባልደረባዬ ሊዘጋው ሲል እጁን ያዝኩት። ፕሮሜቲየስ ሲነሳ ወደ ብሎክ (ዲስክ ላይ ወዳለው ቋሚ ማከማቻ) ያልገባውን ዳታ ከዋል ፋይሎቹ (ዳታ መጀመሪያ ከሚመዘገብባቸው) መልሶ ያነባል፤ ዳታው ከበዛ ደቂቃዎች ይወስዳል። መሃል ላይ ከገደላችሁት ንባቡን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጆርናሉን ከፍተን ቁጥሮቹ ሲሄዱ እያየን ጠበቅን። ቡናችንን ሳንጨርስ ገጹ ተከፈተ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ጠዋት ያለው ግራፍ ባዶ ነበር።